የመንዝ ዳርቻና የጓሳ ጥበቃ

ባሕር ያለው ሕዝብ ከዳርቻው መልካሙን ስፍራ ለይቶ ያውቃል፤ ወጉንም ይጠብቃል። እኛ የመሐል ሜዳ ሰዎች ባሕር ባይኖረንም፥ በምሥራቅ በኩል ቆላውን ቁልቁል የሚያሳይ የደጋ ዳርቻ አለን። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ሲመጡ በዚህ ዳርቻ ከሚያልፉት ስፍራ ሁሉ አብልጠን የምንወደው ጓሳን ነው።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፥ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ስሙን ያገኘበት ሣር ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሣ ያገለግላል። ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፥ በ17ኛው መቶ ዓመት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ስፍራውን ለግጦሽና ለሣር ለይተው አቆዩት። ሥርዓቱም ቀሮ ይባል ነበር፤ ሹሙ አባ ቀራ ሲያዝ ጓሳ ከ3 እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆይና በችግር ጊዜ ይከፈት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ቀሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ጠባቂ ቀረ። ኋላም ሕዝቡ ጉዳቱን አይቶ ኮሚቴ በማቋቋም ጥበቃውን እንደገና ጀመረ። እንግዲህ አባቶቻችን ጓሳን ያቆዩልን ስለ ወደዱት ብቻ ሳይሆን፥ እጃቸውን መሰብሰብ ስላወቁም ጭምር ነውና፥ እኛም ይህንኑ ለልጆቻችን ማውረስ ይገባናል።