ከእንዶድ እስከ መላጫ ሳሙና፦ ርካሹ ሳሙና ይበቃናል ወይ?



ከጎንደር ተነስቶ ወደ ዳባትና ደባርቅ የተጓዘ ሰው ኮሶዬን አይረሳትም። ብርዱ ፊት ይገርፋል፤ በአንድ በኩል ገደሉ ተከፍቶ ቆላው ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ባለፈው በዚያ ስናልፍ አነስተኛ ፀጉር ቤት የከፈተ አንድ ወጣት ወንድማችንን አገኘን። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ዝም ይላል፤ የሚቀረው ምላጭ፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና ነው። «ከከተማ የሚመጡት ልጆች በጣሳ ያለውን አረፋ ይጠይቁኛል። የኔ ሳሙና ርካሽ ስለሆነ አፍራለሁ። እውነት ይኼ አይበቃም?» አለን። ጨዋታው ሲረዝም ሌላም ነገር ነገረን፦ ለአረፋው ብር ለማጠራቀም ሲል አንዱን ምላጭ አንዳንዴ ለሁለት ሰው ይጠቀምበታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር። ሁለተኛው ነገር ግን አስደነገጠን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እሱ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። ስለ ጢም የሚነሳውን ጥያቄ ለዑለማዎቻችን ትተነዋል። እዚህ የምንነጋገረው በምላጭ ስለሚላጨው ሁሉ ነው፤ ስለ ራስ ፀጉር፣ ስለ አንገት፣ ሱና ስለሆነው የገላ ንጽህናም ጭምር።

▪️ በሑደይቢያ የተላጩት

መላጨት በታሪካችን ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 628) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እና ሶሓቦች ለዑምራ ወጥተው ሑደይቢያ ላይ ተከለከሉ። ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) «እረዱ፣ ተላጩ» ብለው ሲያዙ፣ ሶሓቦች ከሐዘናቸው ብዛት ከተቀመጡበት አልተነሱም። ያኔ እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) መከሯቸው፤ ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው እንዲያርዱና ላጪያቸውን እንዲጠሩ። እንዳሉትም አደረጉ። ሶሓቦች ይህን ሲያዩ ተነስተው አረዱ፣ አንዱ የሌላውን ራስ ላጨ።

ልብ በሉ፤ ሜዳ ላይ ነው፣ መስታወት የለም፣ ሽቶ ያለው አረፋ የለም። የተረፈልን ታሪክ ስለ መታዘዛቸው እንጂ በምን እንደተላጩ አይደለም። ዛሬም ሐጅና ዑምራ አድራጊ ራሱን ሲላጭ፣ ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ፀጉሩ ተላጭቶ በሚዛኑ ልክ ሶደቃ ሲሰጥ፣ ዋጋው ያለው በኒያው ነው።

▪️ በዚህ መንገድ ያለፉት አባቶቻችን

ኮሶዬ ያለችበት የወገራ ደጋ ለሙስሊሙ እንግዳ አገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለው የሙስሊሞች ሰፈር በዚያ ዘመን ጎልቶ ወጣ። አባቶቻችን ከንግድና ከሽመና ኑሯቸውን ገነቡ። የጀበርቲ ነጋዴዎች ከጎንደር ወደ ምጽዋ ሲወርዱ መንገዳቸው ወገራን አቋርጦ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በዐድዋ በኩል ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በዚሁ መንገድ ወደ ጎንደር ሲገባ መጀመሪያ ያረፈው በሙስሊሞቹ ሰፈር ነው።

የፋብሪካ ሳሙና ወደ ገጠሩ ከመዝለቁ በፊት የዚህ ደጋ ሰው ልብሱን ያጠበው በእንዶድ ነው። እንዶድ አጥር ላይ ይበቅላል፤ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ይሰጣል። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያነጡበት ነው። ዋጋው የለቀማ ድካም ብቻ።

ይህን ርካሽ ነገር ግን ዓለም ቆይቶ አከበረው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያ ያለ ቀንድ አውጣ አይተላለፍም። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በእንዶድ ላይ ለሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተሸለሙ። አጥር ላይ የሚበቅለው ነገር የሊቃውንት ዓይን ሲያርፍበት ዋጋው ታወቀ።

ታዲያ በእንዶድ እንላጭ ማለታችን አይደለም። እንዶድ ዓይን ላይ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ቀንድ አውጣን የገደለው ኃይሉ ለፊት የሚሆን አይደለም። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ ዋጋ ማነስ ጥራት ማነስ አይደለም፤ ግን እያንዳንዱ ነገር የተሠራበት ሥራ አለው።

▪️ ሳሙና ከምን ይሠራል?

«ሳሙና» የሚለው ቃላችን ከዐረብኛው «ሷቡን» ጋር ዘመድ ነው። በኬሚስትሪ ትምህርት «አልካሊ» ብላችሁ የተማራችሁትም ከዐረብኛው «አል-ቀሊ» የመጣ ነው፤ ከተቃጠለ ተክል አመድ የሚወጣውን ነገር ያመለክታል። ሳሙና በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፤ ቅባትና አልካሊ። የናብሉስ ሰዎች ዘመናትን ያስቆጠረውን ሳሙናቸውን የሚሠሩት ከወይራ ዘይት፣ ከውሃና ከአልካሊ ነው። የሐለብ ሰዎች የላውረል ዘይት ይጨምሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ ሁለቱንም ሙያዎች በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯቸዋል። እነዚህ ስመ ጥር ሳሙናዎች ከሦስትና ከአራት ተራ ነገሮች የተሠሩ ናቸው።

የመላጫ ሳሙናም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ አልካሊው ላይ ነው። የገላና የልብስ ደረቅ ሳሙና የሚሠራው በሶዲየም ነው፤ ይጠነክራል፣ አረፋው ግን ስስ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። የመላጫ ሳሙና በአብዛኛው ፖታሲየም ይገባበታል፤ ስቴሪክ አሲድ የተባለ ቅባትም ይበዛበታል። ስለዚህ አረፋው ወፍራም ነው፣ ውሃ ይይዛል፣ ምላጩን ያንሸራትታል። በጣሳ የሚመጣው አረፋም ውስጡ ሲታይ ብዙውን ጊዜ መነሻው ያው ስቴሪክ አሲድ ነው። ጣሳ፣ ጋዝና ሽቶ ተጨምሮበታል፤ ብሩንም የምንከፍለው ለእነዚህ ጭምር ነው።

እንግዲህ የወንድማችን ጥያቄ መልስ ይህ ነው፦ ለመላጫ ተብሎ የተሠራ ርካሽ ሳሙና ይበቃል። የማይበቃው የልብስ ሳሙና ነው፤ ፊትን ያደርቃል፣ ያሳክካል። የቱርክ ፀጉር አስተካካዮች አርኮ የሚባለውን ርካሽ የመላጫ ሳሙና ለዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል፤ በሌላው ዓለም ያሉ ውድ ሳሙና የሚሰበስቡ ሰዎችም ያደንቁታል።

መሞከሪያውም ቀላል ነው። አረፋውን እጃችሁ ጀርባ ላይ ቀቡና ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። እርጥብና አንጸባራቂ ሆኖ ከቆየ ለሥራው ይሆናል። ደርቆ ከተሰነጠቀ ይቅርባችሁ።

ደግሞም ፀጉርን የሚያለሰልሰው ዋናው ነገር ውሃ ነው። ፀጉር ሁለት ሦስት ደቂቃ ሙቅ ውሃ ሲጠጣ በትንሽ ጉልበት ይቆረጣል። የሳሙናው ሥራ ቅባቱን አንስቶ ውሃውን ማስገባትና ማቆየት ነው። ፀጉራችን ጥቅልል ስለሆነ፣ በደረቁ ወይም ፀጉሩ ከሚበቅልበት አቅጣጫ በተቃራኒ ስንላጭ ወደ ውስጥ እየበቀለ አንገታችንን ያሳብጠዋል። ይህን ውድ አረፋ አያድነውም፤ ትዕግሥትና ሙቅ ውሃ ግን ይረዳል።

▪️ ሞራው የምን ነው?

ሙስሊም ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ። ብዙ ሳሙና፣ ርካሹም ውዱም፣ ከእንስሳ ሞራ ይሠራል። ማሸጊያው ላይ «ታሎዌት» የሚል ካያችሁ ሞራ ማለት ነው፤ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። የሐነፊ ፉቀሃዎች ነጃሳ ቅባት ወደ ሳሙና ሲቀየር ጠሃራ ይሆናል ብለዋል፤ የሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ጠበቅ ይላል። ጥርጣሬ ያለበት ሰው ከአትክልት ዘይት የተሠራውን ይምረጥ፤ እሱም በርካሽ ይገኛል። ለዝርዝሩ በአቅራቢያችሁ ያለ ዓሊም ጠይቁ።

▪️ ጉዳቱ ከሳሙናው አልመጣም

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ወታደሮች ፊት ላይ አባሰንጋ ወጣ። ሐኪሞች ሲመረምሩ ምክንያቱ የመላጫ ብሩሽ ሆኖ ተገኘ፤ ጦርነቱ ባመጣው እጥረት በደንብ ሳይጸዳ ከፈረስ ፀጉር የተሠራ ብሩሽ ነበር። ሰው የሞተው ሳሙናው ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ ቆዳን የሚነካው ዕቃ ንጹሕ ስላልሆነ ነው።

ምላጭም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሐሳብ፣ ምላጩ ስስና ርካሽ ሆኖ ሲደንዝ የሚጣል እንዲሆን ነው። ለኛ ትልቁ ጥቅሙ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ማግኘት መቻሉ ነው። ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ በጋራ ምላጭ ይተላለፋሉ። የጉበት ቢ ቫይረስ ከሰው አካል ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል፤ ደም ባይታይም ምላጩ ላይ ሊኖር ይችላል። በውሃ ማለቅለቅ አያጠፋውም። በሐጅ ጊዜ ፈቃድ ያላቸው ላጪዎች ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል ምላጭ እንዲጠቀሙ የሚደረገው ለዚሁ ነው።

ለዚያ የኮሶዬ ወንድማችን ያልነው ይህን ነው፦ ከሳሙናው ቆጥብ፣ ከምላጩ ግን አትቆጥብ። ለአረፋ ጣሳ ያሰብከውን ብር ለምላጭ አውለው። ማሸጊያውን ደንበኛው ፊት ክፈት፣ ሲያልቅ እሱ እያየህ ጣለው። ብሩሹን እጠብና አድርቅ፤ ካልሆነም አረፋውን በታጠበ እጅህ ቀባ። ከተማ የመጣው ልጅ ስለ ጣሳው መጠየቁን ይተዋል፤ አዲስ ምላጭ የሚከፍት ፀጉር ቤት እንዳገኘ ለጓደኞቹ ይነግራል።

እናንተም የከተማ ወንድሞቻችን፣ ዒድ ሲደርስ ፀጉር ቤት ስትገቡ ስለ አረፋው ዓይነት አትጠይቁ። «ምላጩ አዲስ ነው?» በሉ። ይህ ማስቸገር አይደለም፤ የራስንም፣ የባለ ሙያውንም፣ ቀጥሎ የሚቀመጠውንም አማና መጠበቅ ነው። ሙያው ንጹሕ እጅ ያለው ሰው የሚከበርበት ሐላል እንጀራ ነው፤ በርካሽ ሳሙና ሊያፍር አይገባም።

ወላሁ አዕለም። አላህ ንጽህናችንንም ሪዝቃችንንም ያሳምርልን።