በዕቃ ቤታችን ስላለው ቢስክሌት



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የዕቃ ቤቱ ቆጠራ ሲነበብ፣ ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚ ወንበሩና ከብረት ድስቱ ቀጥሎ «አሮጌ ሳይክል፣ የማይሠራ፣ አንድ» የሚል እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። አንድ አባል እጁን አውጥቶ «ለቆራሌው ይሸጥና እንገላገል» ሲል ሰው ሳቀ፤ ጉዳዩም ሳይወሰን ለሚቀጥለው ስብሰባ አደረ። እኔም ከመወሰኑ በፊት፣ ሳይክል ከየት እንደ መጣና በአካባቢያችን ምን ሲሠራ እንደ ኖረ የማውቀውን ያህል ለመጻፍ ተነሣሁ። በጽሑፍ ቢስክሌት እንላለን፤ በአፋችን ግን ሳይክል ነው። ሁለቱንም እያፈራረቅሁ ብጽፍ አንባቢ ቅር አይበለው።

ቢስክሌት ዕድሜው ያን ያህል የረዘመ ዕቃ አይደለም። በ1809 ዓ.ም. ካርል ፎን ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ማንሃይም በምትባል ከተማ ሁለት የእንጨት መንኰራኵር በአንድ ግንድ ላይ አያይዞ፣ ተቀምጦበት መሬቱን በእግሩ እየገፋ ሄደ። ፔዳል የሚባል ነገር አልነበረውም። ልጆች ሳለን ከእንጨትና ከአሮጌ ኩሽኔታ ሠርተን ቁልቁለት ስንወርድበት የነበረው የእንጨት ሳይክል የዚሁ የቅርብ ዘመድ መሆኑ ነው፤ የእኛው ፍሬን ተረከዛችን ነበር። ሁለቱ ጎማዎቹ እኩል ሆነው የኋላው በሰንሰለት የሚዞርበትን የዛሬውን ዓይነት ያወጣው በ1877 ዓ.ም. ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ የእንግሊዝ አገር የኮቨንትሪ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የከብት ሐኪም፣ ቤልፋስት ላይ፣ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት ብሎ በአየር የሚነፋ ጎማ ሠራ። የዐድዋ ጦርነት ሊደረግ ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ይቀር ነበር።

ወደ አገራችን ማን እንዳስገባው ለማወቅ ግን መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ጎሚስታው ደጃፍ ለአንድ ሰዓት ቆሞ ማዳመጥ ይበቃል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ የሚለውም ራሱ፣ ሁሉም የጣልያን ቃል ነው። ከመነዳሪ የምንለው በእነሱ ቋንቋ «ካሜራ ዳርያ» ነው፤ የአየር ክፍል ማለት ነው። ሰንሰለቱን ካቴና የሚሉትም አሉ፤ ያው ወንጀለኛ የሚታሰርበት ካቴና ነው። ጣልያን አሥመራ ላይ ለብዙ ዘመን ተቀምጦ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ደግሞ አገራችንን ወርሮ ሲቆይ፣ መኪናውንም ቢስክሌቱንም ከነስሙ ትቶልን ሄደ። ሳይክል የሚለው ስም ግን የእንግሊዝ ነው፤ ስሙ ከአንዱ፣ የአካሉ ስም ከሌላው መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል። በኋላ ዘመን በብዛት የመጣው ደግሞ ከሁለቱም አይደለም፤ ከቻይና ነው።

በዚህ ዕቃ አገራችን በዓለም ፊት የቀረበችው ብዙ ሰው ከሚያስበው ቀደም ብሎ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ የተወዳደረችው በሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ በሩጫና በቢስክሌት። አበበ ቢቂላ ገና አልታወቀም። በዚያ የጎዳና ውድድር ገረመው ደንቦባ 24ኛ ወጣ፤ ቡድናችንም 9ኛ ሆነ። ለጀማሪ ይህ ቀላል አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሩጫው ገነነና ቢስክሌቱ ተረሳ፤ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እስኪሆን ድረስ፣ 2008 ዓ.ም. መጥቷል።

የባሕር ዳርና የሐዋሳ ሰው በሳይክል ሥራ ይውላል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ሴቱም ወንዱም ይነዳል። ሜዳ ነዋ! እኛ ዘንድ ግን ከቤት ወጥቶ ዳገት ወይም ቁልቁለት የማያገኝ ማን ነው? በክረምት ደግሞ ቀዩ ጭቃ ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ይጠቀጠቅና መንኰራኵሩ አልዞር ይላል፤ በእንጨት እየፋቁ መሄድ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ሳይክል የነዳ ሰው ሁሉ ግማሹን መንገድ የገፋ ሰው ነው። እንዲህም ሆኖ፣ እኔ እንደማስታውሰው፣ መምህሩ ይነዳው ነበር፤ ድሬሰሩም ይነዳው ነበር፤ ነጋዴውም ዶሮውን እግር ለእግር አስሮ፣ ቆጮውን ጠቅልሎ ከኋላ ጭኖ ገበያ ይደርስበት ነበር። ልጆች የሚማሩት በኪራይ ነው፤ ሳንቲም አዋጥተው፣ በተራ፣ አከራዩ ሰዓቱን እያየ። እግሩ የማይደርስ ልጅ ከኮርቻው አይወጣም፤ አንድ እግሩን በመካከለኛው ብረት ሥር አሾልኮ፣ ወደ ጎን ተንጋዶ ይነዳል። መካከለኛ ብረት የሌለውን «የሴት ሳይክል» እንለው ነበር። በዚያን ጊዜ ሴት ስትነዳው ግን እዚህ አላየሁም፤ የምንሻማበት እኛ አጫጭሮቹ ወንዶች ነበርን።

ስለ ዓይነቱ ከተነሣ፣ ባለ 28ን የሚያህል ለእኛ አልመጣም። የሻንጋዩ ፎኒክስ ጥቁር፣ ከባድ፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በቀጭን ብረት የሚጎተት፣ ከኋላው ኩንታል የሚችል መጫኛ ያለው ነው። ማርሽ የለውም፤ የሌለው ነገር ደግሞ አይበላሽም። በኋላ የመጣው ማውንቴን ባለ ብዙ ማርሽ ነው፤ ስሙም የተራራ ነው፤ ነገር ግን ርካሹን የገዛ ሰው በዓመቱ ማርሹን አስፈትቶ በአንዱ ብቻ ሲነዳ አይቻለሁ። ኮርስ የሚባለው ቀጭን ጎማ የእሽቅድድም ነው፤ ለእኛ ኮረኮንች አይሆንም።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልግባ። በ1976 ዓ.ም. ክረምት አያቴ አረፈች። እናቴ በቆላው በኩል፣ ወደ ጊቤ አቅጣጫ ሩቅ አገር ነበረች። በዚያ ዘመን መርዶ የሚሄደው በእግር ወይም በፈረስ ነው። የቤተ ሰቡ ፈረስ ታሞ ስለ ነበር አጎቴ ሳይክል ተውሶ በጠዋት ተነሣ። መንገዱ ሳይጋመስ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ዝናቡም ያዘ። የሰው ዕቃ ነውና ጥሎት መሄድ አልቻለም፤ በትከሻው ተሸክሞ እየተንሸራተተ ሲሄድ መሸበትና ሰው ቤት አደረ። እናቴ ስትደርስ አያቴ ተቀብራ ነበር፤ ያገኘችው እርጥቡን አፈር ነው። አጎቴ በባዶ እግሩ ቢሮጥ ኖሮ ይደርስ ነበር። ይህን እስኪሞት ድረስ ይናገር ነበር፤ እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችውም፣ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ሳይክል ላይ አልወጣም።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት የእኛ ቤት ብቻ አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. እድራችን ፎኒክሱን ሲገዛ የተነሣው አሳብ ይኸው ነበር፤ መርዶ ነጋሪ የተዋሰውን ዕቃ ይዞ እንዳይወጣ፣ የእድሩ የራሱ፣ የተመረመረ ሳይክል እንዲኖር። ሁለት ወጣቶች ተመደቡለት፤ ሰንሰለቱም በየወሩ ዘይት እንዲቀባ ተወሰነ። ተንቀሳቃሽ ስልክ ገጠር ድረስ እስኪገባ ያ ሳይክል ስንት ቤት እንዳንኳኳ የቀድሞ ዳኞቻችን ያውቃሉ። ጡሩምባ ነፊያችንም ሰፈር ለሰፈር ይዞርበት ነበር።

ዛሬ መርዶ በስልክ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ስልክ የሌላቸው አዛውንት አባሎች አሉን፤ ወርኃዊ መዋጮ ቤት ለቤት የሚሰበሰብላቸውም አሉን። ለዚህ ሁሉ ሞተር እየተከራየን ነው። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጁን ድጎማ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ የኪራዩ ዋጋ ምን እንደ ሆነ ገንዘብ ያዣችን ይንገራችሁ። ሞተር በልጆቻችን ላይ ያደረሰውን ደግሞ የእድራችን መዝገብ ያውቀዋል፤ የወላጆቹን ሐዘን እንዳልቀሰቅስ ስም አልጠራም።

ባለፈው ወር ቁልፉን ከዕቃ ቤት ኀላፊው ተቀብዬ ሳይክሉን አወጣሁት። ዋናው ብረት ደኅና ነው፤ መሪውም አልተጣመመም። ሁለት የውጭ ጎማ፣ ሁለት ከመነዳሪና ለኋላው ቸርኬ ኩሽኔታ ያስፈልገዋል። ኮርቻውን አይጥ በልቶታል። ሰንሰለቱን አንድ ሰው ፈትቶ በዘይት ነክሮ በጨርቅ ጠቅልሎ ከመጫኛው ላይ አስሮታል፤ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ዋጋውን ጠይቄ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ፤ እኩሌታውን እኔ እችላለሁ። ውሳኔው የስብሰባው ነው።