ብርድ ይሰማል

«ብርድ ተሰማኝ» ስንል ጆሮ ትዝ አይለንም። ግሡ ግን ያው «ሰማ» ነው። «ስሜት» የወጣው ከዚሁ ሥር ሲሆን፣ ዓይንና ምላስ ሳይቀሩ «የስሜት ሕዋሳት» ተብለው በስሙ ይጠራሉ። ከጆሮ የተነሣ ቃል መላ አካላችንን አዳርሷል።

በቃል ብቻ ሳይሆን በእውንም ስሜት ከስሜት የሚደባለቅባቸው፣ ፊደል ሲያዩ ቀለም፣ ድምፅ ሲሰሙ ቅርጽ አብሮ የሚመጣላቸው ሰዎች አሉ። ጌኦርግ ዛክስ በ1812 እ.ኤ.አ. በኤርላንገን ባቀረበው የሕክምና መመረቂያ ጽሑፍ ይህን ከራሱ ገልጿል። ዛሬ «ሲነስቴዥያ» ይባላል፤ ከግሪክኛው «ሲን»፣ አብሮ፣ እና «አይስቴሲስ»፣ መሰማት። ሁለቱም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። «ሲን» በ«ሲኖዶስ»ም በ«ስንክሳር»ም ውስጥ አለ። «አይስቴሲስ» ደግሞ አፍራሽ ቅጥያ ታክሎበት፣ «አኔስቴዥያ» ሆኖ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገኛል።

የስልክና የኮምፒውተር መተግበሪያ የሚነድፉ ሰዎች ከዚህ ክስተት ሐሳብ መቅዳት ይወዳሉ። ነገር ግን የአንዱ «ሀ» ቀይ፣ የሌላው ሰማያዊ ነው፤ የአንድ ሰው ቀለም ለሁሉ አይሆንም። የጋራው ያለው ቋንቋ ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

እንግሊዝኛና የሆላንዶች ቋንቋ ደች ድምፅን ከፍ ያለና ዝቅ ያለ ይሉታል። አማርኛ ቀጭንና ወፍራም ይላል፤ ፋርስኛም እንዲሁ። ሳራ ዶልሻይድና ባልደረቦቿ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎች መስመር እያዩ ድምፅ ሰሙ፤ ከዚያም የሰሙትን በራሳቸው ድምፅ መለሱ። ደች ተናጋሪዎቹን ያሳታቸው የመስመሩ ከፍታ ነበር፤ ፋርስኛ ተናጋሪዎቹን ውፍረቱ። በ«ወፍራም» እና በ«ቀጭን» መናገር እንዲለማመዱ የተደረጉ ደች ተናጋሪዎችም እንደ ፋርሶቹ ሆኑ። ይህ ለነዳፊ ትልቅ ዜና ነው፤ ቃል መለያ ብቻ ሳይሆን ስሜትንም ይመራልና።

ፒተር ሜየር በ1992 እ.ኤ.አ. ለዓይነ ስውራን ምስልን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ዘዴ አቅርቧል። የምስሉ ላይኛው ክፍል ቀጭን ድምፅ፣ የታችኛው ወፍራም ይሰጣል፤ ብሩህ ቦታ ጎላ ብሎ ይሰማል። መሠረቱ ከፍታ ነው።

ለክራር መቃኛ መተግበሪያ ግን ውፍረትን እመርጣለሁ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይሰመር፤ ይህ የሚፈለገው ድምፅ ነው። ከጎኑ ሁለተኛው መስመር ከክሩ ድምፅ ጋር ይቅጠን፣ ይወፍር። ክሩ ከሚገባው በላይ ከተወጠረ መስመሩ ይሳሳል፤ ከላላ ይደልባል። ሁለቱ እኩል ሲወፍሩ ክሩ ተቃኘ ማለት ነው፤ ጀማሪው የኖታ ስም ማወቅ አያሻውም።