ከእጅ ወደ እጅ ያለፈው ቁም ሣጥን

እኛ ባለሱቆች ዕቃ ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው ዋጋውን ነው። ከየት እንደመጣና በማን እጅ እንዳለፈ ግን ብዙም አንጠይቅም። ዛሬ የምናወጋችሁ ይህን ጥያቄ ያስተማረን የሩሲያ ቁም ሣጥን ታሪክ ነው። መጀመሪያ ያየነው ሩሲያ ተምሮ የመጣ ወዳጃችን ባሳየን ፎቶግራፍ ላይ ነበር።

ከሞስኮ በስተሰሜን ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አብራምጸቮ የተባለ ርስት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1843 ደራሲው ሰርጌይ አክሳኮቭ ገዙት፤ በ1870 ደግሞ የባቡር ሐዲድ ባለሀብት የነበሩት ሳቫ ማሞንቶቭ ወሰዱት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤሊዛቬታ ለመንደሩ ልጆች የእንጨት ሥራ ትምህርት አቋቋሙ፤ ከ1885 ጀምሮም ሠዓሊዋ ኤሌና ፖሌኖቫ ንድፍ አውጪ ሆኑላቸው። ሁለቱ ሴቶች በየመንደሩ እየዞሩ ገበሬው ለራሱ የጠረበውን የጨው ሣጥን፣ የፈትል ዕቃና የልብስ መምቻ እንጨት ሳይንቁ ሰበሰቡ። ፖሌኖቫ የቤት ዕቃ ንድፎቻቸውን ያወጡት ከዚያ ላይ ነው። ከሁሉም የታወቀው በግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ዐምድ ያለውና በጥርብ አበባ ያጌጠው ትንሽ ቁም ሣጥን ሆነ።

የሠሩት የመንደር ልጆች ናቸው። ሦስት ዓመት ተምረው ሲጨርሱ የአናጢ ጠረጴዛና መሣሪያ ተሰጥቷቸው ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር። ሥራቸው ሞስኮ በተከፈተ ሱቅ ይሸጥ ስለነበር፣ ከአንድ ንድፍ የተሠሩ ቁም ሣጥኖች ወደ ብዙ ቤት ገቡ።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። በ1899 ማሞንቶቭ በገንዘብ ጉዳይ ተከሰው ታሰሩ። በ1900 ፍርድ ቤት ነጻ ቢያወጣቸውም ሀብታቸው ተበተነ፤ የሞስኮ ቤታቸው ዕቃም በሐራጅ ተሸጠ። አብራምጸቮ በባለቤታቸው ስም ስለነበረ ተረፈ። ወይዘሮ ኤሊዛቬታ በ1908 አረፉ። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ርስቱ ተወረሰ። ቤት ሲወረስ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ወገን የደረሰበት ያውቀዋል። ሆኖም ቦታው ሙዚየም ሲሆን ጠባቂ የሆነችው የባለርስቶቹ ልጅ አሌክሳንድራ ነበረች። የአባት የእናቷ ንብረት የእሷ መሆኑ ቢቀርም ታሪኩን የሚያውቅ ሰው አልጠፋም። በኋላ ቤቱ የማረፊያ ቤት፣ በጦርነቱ ዘመንም ሆስፒታል ሆነ። በ1950 እንደገና በሙዚየምነት ተከፈተ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ሲገለባበጥ የቁም ሣጥኑ ታሪክ ሳይጠፋ የቆየው ማን እንደነደፈው፣ የት እንደተሠራና ማን እንዳስቀመጠው የሚያስታውስና የሚጽፍ ሰው ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እዚህ ጅቡቲ በማኅበራችን አዳራሽ ያለውን ባለ መስታወት ቡፌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለዚህ በዓል ስንዘጋጅ ከየት እንደመጣ ሦስት አባቶችን ጠየቅን። አንዱ በባቡር ከድሬዳዋ መጣ አሉን፤ ሁለተኛው እዚሁ ወደብ ላይ ከዕቃ መጫኛ ሣጥን እንጨት ተሠራ አሉ፤ ሦስተኛው ወደ ካናዳ የሄደ ቤተሰብ ትቶት የሄደው ነው አሉን። ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ነገር ነበረበት። ከዓመታት በፊት ስናስጠግነው ጽሑፉን ሳናነብ ቀለም ያስቀባንበት እኛው ነን። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ዛሬም ይቆጨናል።

ስለዚህ አደራ እንላለን። በየቤታችሁ ያለውን መሶብ፣ ጀበና፣ የአያት ሣጥን ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሰጣችሁና በየትኛው መንገድ እንዳመጣችሁት አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ለልጆቻችንም ከዕቃው ጋር ወረቀቱን እናስረክባቸው።

ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በጤና ያድርሰን!