የአማተር ሬዲዮ ጀማሪ በአሜሪካ

አማተር ሬዲዮ ያለ ክፍያ፣ ለእውቀትና ለፍቅሩ ሲባል በሬዲዮ ሞገድ መገናኘት ነው። በአሜሪካ ታሪኩ በአመዛኙ የጀማሪው መግቢያ በር ሲጠብና ሲሰፋ የኖረበት ታሪክ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። ወጣቶች በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሠራ ማስተላለፊያ ራሳቸው ገጣጥመው፣ ጣሪያ ላይ አንቴና ዘርግተው፣ በሞርስ ኮድ ይጠራሩ ነበር። ምልክታቸው ግን ከመርከቦችና ከባሕር ኃይል መልእክት ጋር ይደባለቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ከሰጠመች ከአራት ወር በኋላ የወጣው የሬዲዮ ሕግ ፈቃድን ግዴታ አደረገ። አማተሮችም ከ200 ሜትር የማይበልጥ የሞገድ ርዝመትና ከ1 ኪሎዋት የማይበልጥ ኃይል እንዲጠቀሙ ተወሰነ። በዘመኑ እምነት ሩቅ የሚደርሰው ረጅሙ ሞገድ ስለነበር፣ የተሰጣቸው ማንም የማይፈልገው ክፍል ነበር።

በ1914 ሃይረም ፐርሲ ማክሲም ከሃርትፎርድ የላከው መልእክት ስፕሪንግፊልድ መድረስ ስላቃተው በመካከል ያለ ሌላ አማተር ተቀብሎ አሳለፈለት። ማክሲም ይህን ቅብብል በአገር ደረጃ ለማደራጀት ከክላረንስ ተስካ ጋር የአሜሪካን የሬዲዮ ቅብብሎሽ ሊግ መሠረተ። በ1917 አገሪቱ ወደ ጦርነት ስትገባ ጣቢያዎቹ ተዘጉ፤ ማስተላለፍ እንደገና የተፈቀደው በ1919 ነው። በታኅሣሥ 1921 ፖል ጎድሊ ስኮትላንድ፣ አርድሮሳን ላይ ሆኖ የአሜሪካ አማተሮችን ምልክት ሰማ። በኅዳር 1923 ደግሞ የኮነቲከቱ ፍሬድ ሽኔልና የፈረንሳዩ ሊዮን ደሎይ በ100 ሜትር አካባቢ አትላንቲክን ተሻግረው ተነጋገሩ። የተናቀው አጭር ሞገድ ዓለምን እንደሚያዳርስ ያኔ ታወቀ።

የአጭር ሞገድ ዋጋ ሲያድግ ፈተናውም ከበደ፤ ሞርስ በደቂቃ 13 ቃል መላክና መቀበል ይጠየቅ ጀመር። ለአዲስ ሰው ከባድ በመሆኑ በ1951 «ኖቪስ» የተባለ የጀማሪ ፈቃድ መጣ። ሞርስ በደቂቃ 5 ቃልና ቀላል የጽሑፍ ፈተና ይበቃው ነበር። ኃይሉ 75 ዋት፣ ዕድሜውም አንድ ዓመት ብቻ ሆኖ አይታደስም፤ በዓመቱ ከፍ ያለውን ፈተና ያላለፈ ከአየር ይወጣል። ማስተላለፊያው በክሪስታል የተወሰነ ስለነበር ጀማሪው ፍሪኩዌንሲውን እንደልቡ መቀየር አይችልም። በያዘው ክሪስታል ይጠራል፤ ከዚያ መልስ ሰጪው በሌላ ቦታ ሊሆን ስለሚችል መቀበያውን እያዞረ ክልሉን ሁሉ ያስሳል። ይህ ገደብ ትዕግሥትንና ጥሩ ጆሮን አስተማረ። ብዙዎች ፈተናውን የወሰዱት በመንግሥት ቢሮ ሳይሆን በአካባቢያቸው ባለ ነባር አማተር ፊት ነው፤ ፈታኙም አብዛኛውን ጊዜ መምህራቸው ነበር። በ1972 የክሪስታል ግዴታው ቀረ።

በ1984 የሁሉም ደረጃዎች ፈተና በበጎ ፈቃደኛ አማተሮች እንዲሰጥ ተደረገ። በ1991 «ቴክኒሽያን» የተባለው ፈቃድ ያለ ሞርስ ተፈቀደ፤ በ2000 አዲስ ኖቪስ መስጠት ቆመ፤ በ2007 የሞርስ ፈተና ከሁሉም ደረጃዎች ተነሣ።

ዛሬ ጀማሪ ለቴክኒሽያን 35 ጥያቄ ቀርቦለት 26ቱን መመለስ አለበት፤ ጥያቄዎቹ የሚወጡት ለሕዝብ ይፋ ከሆነ ስብስብ ነው። ከ30 ሜጋኸርዝ በላይ ያሉት የአማተር ክልሎች ይከፈቱለታል። በ80፣ በ40 እና በ15 ሜትር ግን የሚፈቀድለት ሞርስ ብቻ ነው፤ በእነዚህ ክልሎች በድምፅ መናገር ከፈለገ «ጄኔራል» የተባለውን ቀጣይ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል።