ባለ አንበሳ እግሩ ባኞ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የአንድ ባኞ ነገር ላውጋችሁ።

አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የጡብ ቤት ገዝተን ጓሮውን ስንመነጥር፣ ሐረግ የወረሰው ትልቅ የብረት ገንዳ ብቅ አለ። አፈር ሞልቶታል፤ አራት እግሮቹ ተነቅለው ሆዱ ውስጥ ተጥለዋል። እኔ ለብረታ ብረት ለቃሚ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። አጎቴ ግን አንዱን እግር አንሥቶ በመዳፉ ጠረገው። ኳስ የጨበጠ የአንበሳ ጥፍር! “ስልክህን አስቀምጥ፤ ይኼ ይቆማል” አለኝ። ዕድሜውን በአናጢነት የኖረ ሰው ነውና አስቀመጥኩ።

የዚህ ዓይነቱ ባኞ የዘር ሐረግ ከከብት በረት ይመዘዛል። በፈረንጆቹ 1883፣ ዊስኮንሲን ውስጥ በሺቦይጋን ከተማ፣ ጆን ማይክል ኮህለር ለከብት ውኃ ማጠጫ የሚሸጠውን የብረት ገንዳ በእሳት አግሎ የኤናሜል ዱቄት ነሰነሰበት፤ አራት እግር ተከለለትና ባኞ ሆነ። የመጀመሪያውን አንድ ገበሬ በአንድ ላምና በ14 ዶሮ ወሰደው እየተባለ ይተረካል።

ወደ እኛው ልመለስ። የውጭ ቀለሙን ከመንካታችን በፊት በመመርመሪያ ፈተንነው፤ እርሳስ አለበት። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ እርሳስ ያለበትን ቀለም ያገደችው በፈረንጆቹ 1978 ነው። ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ልጆቹን አርቀን፣ ጭምብል አጥልቀን፣ በኬሚካል እያለሰለስን በእርጥቡ ፋቅነው። የውስጡን ኤናሜል ለባለሙያ ተውነው።

ከዚያ እግሮቹ። አራቱም መንታ ይመስላሉ። ገጠምናቸው፤ ገንዳው ግን እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ። ከሥሩ ካርቶን ልወትፍ ስል አጎቴ እጄን ያዘኝ። “ጫማው ተቀያይሮበት ነው” አለ። እያፈራረቅን ስንሞክር፣ እያንዳንዱ እግር የራሱን ቦታ ሲያገኝ ቀጥ አለ። ዳግም እንዳይምታታ ቁጥር ጻፍንባቸው።

“በል ጋሼ፣ አሁን ወደ ፎቁ መታጠቢያ ቤት እናውጣው” አልኩ። እሱ ግን ከታች ሳሎን ገባ! የሳሎኑን ኮርኒስ ከፍቶ፣ ወለሉን የተሸከሙትን አግዳሚ እንጨቶች አንድ በአንድ በመዶሻ ማንኳኳት ጀመረ። ሌሎቹ “ቋ” አሉ፤ አንዱ “ድፍ” አለ። የድሮ ቧንቧ ሲያንጠባጥብበት ኖሮ ልቡ በስብሷል።

ተቀምጠን ደመርን። ገንዳው 150 ኪሎ ቢሆን፣ 150 ሊትር ውኃ ሌላ 150 ኪሎ፣ እኔ 75። ይህ 375 ኪሎ የሚያርፈው በአራት መዳፎች ላይ ብቻ ነው። ከሥሩ ሳሎን አለ፤ ሳሎኑ ውስጥ ልጆቼ የሚጫወቱበት ምንጣፍ። አፌ ደረቀ።

የበሰበሰውን በአዲስ አግዳሚ ደገፍን። ገንዳውን ለአራት ተሸክመን አወጣነው፤ በውኃ ልክ አስተካከልነው። የታጠብንበት ውኃ ወደ ንጹሑ መስመር እንዳይመለስ የቧንቧውን አፍ ከገንዳው ጠርዝ በላይ አደረግነው። ከዚያ እስከ አፉ ሞልተን፣ በባትሪ እያበራን ከሥር ጠበቅን። አንድ ጠብታ ታየች፤ ጎሚኒውን ለወጥን። ዳግመኛ ሞላን፤ ደረቅ ሆነ። ኮርኒሱን የዘጋነው ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተም እንዲህ ያለ አሮጌ ባኞ ካጋጠማችሁ አትጣሉት፤ ያገለግላችኋል። ነገር ግን አደራ፣ ቀለሙን ከመምረጣችሁ በፊት ወርዳችሁ ወለሉን አንኳኩ።