ከበሮ ሲቀመጥ

ሰሞኑን አንድ ሕንጻ ምረቃ ላይ ጆሮዬ ሊደነቁር ምንም አልቀረው። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፤ ሰው ጆሮውን ይይዛል፤ ባለ ማሽኑ ግን ቀና ብሎ እንኳ አያይም። ያኔ ቤተ ልሔም ትዝ አለችኝ። የጋይንቷን ማለቴ ነው፤ የድጓ ተማሪ የሚያስመሰክርባትን።

የአደባባይ ሰው ስሜት በመሣሪያ መመራት የጀመረው ዛሬ እንዳይመስላችሁ። ዜማው በትውፊት ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ከቅዱስ ያሬድ የወረደ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት አበጁለት። ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ ከቃሉ በላይ ተጻፈ።

ማኅሌቱን ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ባዶ ድምፅ። ቀጥሎ ዝማሜ፤ መቋሚያው ይወዛወዛል። ከዚያ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ፤ በጽፋት ጭብጨባው ይከተላል። አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። ሕዝቡ እልል ሲል ባለ ከበሮው ይግላል፤ እሱ ሲግል ሕዝቡ ይብሳል። መደማመጥ ማለት ይኼ ነው እኮ!

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ዝምታው ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ይዘመማል። የ55 ቀኑ ጾም አልቆ በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመታ ደስታው እጥፍ የሚሆነው ለምን ይመስላችኋል? ሰው ስለናፈቀው ነዋ!

በየአደባባዩ መብራትና ድምፅ የምትተክሉ ወገኖቼ፣ ማብሪያውንስ አወቃችሁት። ማጥፊያውንስ?